እርጎና እንጀራ አለርጂን ያስታግሳሉ? ከገበታችን የሚጠቅመውና የማይጠቅመው



ቅዳሜ ቅዳሜ በእረፍት ሰዓት የልጆቻችን የምግብ ዕቃ ሲከፈት አገር ቤትና ካልጋሪ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ። አንዱ እንጀራ በሽሮ ጠቅልሎ ይመጣል፣ አንዷ ዳቦ ቆሎ፣ ሌላው ከሱፐርማርኬት የተገዛ ዮገርት። ልጆች ደግሞ ደጎች ናቸው፤ «እንካ ቅመስ» ማለቱን ከእኛ ተምረውታል። ችግሩ በዚያው ጠረጴዛ ላይ ኦቾሎኒ፣ ሰሊጥ፣ ወተት ወይም እንቁላል የማይስማማቸው ልጆችም መቀመጣቸው ነው።

በዚህ ጉዳይ ከወላጆች ብዙ ጊዜ የሚነሳ ጥያቄ አለ። «እኛ አገር ቤት አለርጂ የሚባል ነገር መች እናውቅ ነበር? እዚህ የተወለዱት ለምን እንዲህ ሆኑ? እርጎ፣ እንጀራ፣ የቦካ ነገር ብናበዛላቸው አይሻላቸውም?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግማሹ ላይም እውነት አለበት። ሌላው ግማሽ ግን ልጅ ላይ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ሁለቱን ለይተን እንያቸው።

አለርጂ፣ አለመፈጨትና ሲሊያክ አንድ አይደሉም

በአማርኛ ሁሉንም «አለርጂ ነው» ወይም «አልተስማማውም» እንላለን። በሽታዎቹ ግን የተለያዩ ናቸው፤ መፍትሔያቸውም ይለያያል።

የምግብ አለርጂ የሰውነት መከላከያ ጉዳት የሌለውን ምግብ እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲነሳበት የሚመጣ ነው። የሚነሳው በምግቡ ውስጥ ባለው ፕሮቲን ላይ ነው። ትንሽ መጠን ይበቃዋል፤ አብዛኛውን ጊዜም በደቂቃዎች ውስጥ፣ ቢዘገይ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ይታያል።

ወተት አለመፈጨት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። እዚያ ላይ ችግሩ ላክቶስ የሚባለው የወተት ስኳር ነው። ሆድ ይነፋል፣ ይጮኻል፣ ያስቀምጣል፤ ትንፋሽ ግን አይዘጋም። ብዙ አዋቂ ኢትዮጵያውያን ያለብን ይሄኛው ነው።

ሦስተኛው ሲሊያክ ነው፤ በስንዴ፣ በገብስና በመሰል እህሎች ውስጥ ያለው ግሉተን የአንጀትን ግድግዳ ቀስ እያለ ይጎዳል። ምልክቱ ወዲያው ላይታይ ይችላል፤ ልጁ ግን አያድግም፣ ደሙ ያንሳል፣ ሆዱን ያመዋል።

ይሄን ልዩነት ያዙልኝ፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በእሱ ላይ የቆመ ነው።

«አገር ቤት አልነበረም» የሚባለው እውነት ነው?

ጨርሶ አልነበረም ማለት አይቻልም። ግን ያነሰ ለመሆኑ ማስረጃ አለ፤ ማስረጃው የመጣውም ከራሳችን አገር፣ ከጅማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ገጠር ከ12 ሺህ በላይ ሰዎችን መርምሮ፣ አስምና ሲር ሲር የሚል አተነፋፈስ በገጠር ከከተማው በጣም ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2001 በዚያው መጽሔት የወጣ ሌላ የጅማ ጥናት ደግሞ አንዱን ምክንያት ጠቆመ፤ የመንጠቆ ትል ያለባቸው ሰዎች ሲር ሲር የሚል አተነፋፈስ ያነሰባቸው ሆነው ተገኙ።

ሐሳቡ እንዲህ ነው። የሰውነት መከላከያ በልጅነቱ ከአፈር፣ ከከብት፣ ከብዙ ወንድምና እህት፣ ከልዩ ልዩ ጀርም ጋር ሲገናኝ ጠላትና ወዳጅን መለየት ይማራል። ዴቪድ ስትራካን የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1989 ታላላቅ ወንድምና እህት የበዛላቸው ልጆች የአፍንጫ አለርጂ እንደሚያንሳቸው ጽፎ ነበር፤ ክርክሩ ከዚያ ወዲህ ቀጥሏል።

ስለዚህ ገጠሩን ከከተማው የለየው እርጎው ብቻ አልነበረም። ቤቱ፣ በረቱ፣ አፈሩ፣ ትሉም ጭምር ነው። ትሉን ደግሞ ማንም አይመኝም፤ የልጅ ደም የሚመጥ በሽታ ነው። ካልጋሪ ውስጥ ጅማን መልሰን መሥራት አንችልም። ከገበታው ግን የምናመጣው ነገር አለ።

ፕሮባዮቲክ ምን ያህል ይረዳል?

ፕሮባዮቲክ የሚባሉት በበቂ መጠን ሲወሰዱ ለጤና የሚጠቅሙ በሕይወት ያሉ ጥቃቅን ተሕዋስያን ናቸው። ትርጉሙ የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጡት ነው። «በሕይወት ያሉ» የሚለው ቃል ወሳኝ ነው፤ ወደ እንጀራ ስንመጣ ትረዱታላችሁ። ሐሳቡ ራሱ ግን ከዚያ በፊት የነበረ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1908 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ኤሊ ሜችኒኮፍ እርጎ ዕድሜ ያረዝማል ብሎ ጽፎ ነበር።

አለርጂን በተመለከተ ሦስት ነገር እንያዝ።

አንደኛ፣ መከላከልን በሚመለከት። የዓለም የአለርጂ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ በቤተሰባቸው አለርጂ ላለባቸው ሕፃናት፣ እናት በእርግዝናና በማጥባት ጊዜ፣ ሕፃኑም ከተወለደ በኋላ ፕሮባዮቲክ ቢወስዱ ችፌን ለመከላከል ሊረዳ እንደሚችል ጠቁሟል። ማስረጃው ግን ደካማ መሆኑን እዚያው ላይ ተናግሯል።

ሁለተኛ፣ ችፌ ከያዘ በኋላስ? ኮክሬን የተባለው የጥናት ገምጋሚ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2018 39 ጥናቶችን አንድ ላይ አይቶ፣ ፕሮባዮቲክ በችፌ ማሳከክና ሽፍታ ላይ የሚያመጣው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል እንዳልሆነ ደምድሟል። ካልጋሪ አየሯ ደረቅ ነው፤ በክረምት ማሞቂያው ሲጨመርበት ቆዳ ይሰነጠቃል። ለልጃችሁ ችፌ ከውድ ካፕሱል ይልቅ ከታጠበ በኋላ ቆዳው ሳይደርቅ የሚቀባ ወፍራም ሽታ የሌለው ቅባትና ሐኪሙ ያዘዘው ክሬም ይሻላል።

ሦስተኛ፣ የምግብ አለርጂ። በአውስትራሊያ ሜልበርን ተመራማሪዎች የኦቾሎኒ አለርጂ ላለባቸው ልጆች ኦቾሎኒን በጥቂት በጥቂቱ ከፕሮባዮቲክ ጋር ሰጥተው እ.ኤ.አ. በ2015 ጥሩ ውጤት አሳዩ፤ ዜናው ዓለምን አዳረሰ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ተከታይ ጥናት ግን ፕሮባዮቲክ የተጨመረላቸውንና ያልተጨመረላቸውን ልጆች ሲያነጻጽር የውጤት ልዩነት አላገኘም። ሥራውን የሠራው በሐኪም ቁጥጥር ስር ቀስ እያለ የተሰጠው ኦቾሎኒ ነው። ይሄንን ደግሞ ማንም ወላጅ ቤቱ አይሞክረው፤ የሚደረገው የአለርጂ ሐኪም ባለበት ነው።

ካፕሱል ለመግዛት ካሰባችሁ ካናዳ ውስጥ ፈቃድ ያለው ምርት ኤን ፒ ኤን የሚል ባለ ስምንት አኃዝ ቁጥር ይኖረዋል፤ ፋርማሲስቱንም ጠይቁ። ያለ ጊዜው ለተወለደ ሕፃንና የመከላከያ አቅሙ ለደከመ ልጅ ግን ሐኪም ሳይፈቅድ አይሰጥም። ወተት አለርጂ ያለበት ልጅ ካለም ጀርባውን አንብቡ፤ አንዳንዱ ፕሮባዮቲክ የወተት ፕሮቲን አለበት።

የእኛ ምግቦች በተራ

*እንጀራ።* ሊጡ በእርሾ ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ በባክቴሪያና በእርሾ ፈንገስ የተሞላ ነው። ምጣዱ ላይ ሲወጣ ግን ሙቀቱ ይፈጃቸዋል። ስለዚህ የተጋገረ እንጀራ ፕሮባዮቲክ አይደለም። ይሄ ማለት ግን መቦካቱ ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ በጤፍ ውስጥ ብረትና ዚንክን አስሮ የሚይዘውን ፋይቴት የተባለ ነገር ይቀንሰዋል፣ ስለዚህ ሰውነት ብረቱን በተሻለ ያገኛል። ከምግብ ዓይነት ለተከለከለ ልጅ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ካልጋሪ ውስጥ በክረምት ሊጥ አልቦካ ካላችሁ ምድጃውን ሳትለኩሱ መብራቱን ብቻ አብርታችሁ ውስጡ አስቀምጡት።

ጤፍ ግሉተን የለውም። ልብ በሉ፣ ጤፍ እንጂ «እንጀራ» አላልኩም። እዚህ የሚሸጠው እንጀራ ብዙ ጊዜ ስንዴ ወይም ገብስ ይደባለቅበታል፤ እኛም ቤት ስንጋግር እንዲሁ እናደርጋለን። መቦካቱ ግሉተኑን አያጠፋውም። ሲሊያክ ወይም የስንዴ አለርጂ ያለበት ልጅ ካላችሁ ፓኬቱን አንብቡ፣ ጽሑፍ ከሌለው የጋገሩትን ሰው ጠይቁ፣ ምጣዱንም ለይታችሁ ያዙ።

*እርጎ።* ከገበታችን እውነተኛ ሕያው ባክቴሪያ ያለው ይሄ ነው፤ ሳይበስል ስለሚበላ። ላክቶሱም በከፊል ስለሚበላለት ወተት የማይፈጭለት ሰው ብዙ ጊዜ ይችለዋል። ነገር ግን የወተት አለርጂ ላለበት ልጅ እርጎ ወተት ነው! ፕሮቲኑ አልሄደም። «ቦክቷል እኮ፣ ምንም አይለውም» የሚለው አባባል ልጅ ሆስፒታል ሊያስገባ ይችላል። ሌላው ደግሞ፣ ካናዳ ውስጥ ያልፈላ ጥሬ ወተት መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነው። እርጎ ስትረጉ ከሱቅ የተገዛውን ወተት አሙቁና ለብ ሲል «ሕያው ባክቴሪያ አለው» ከሚል ተራ ዮገርት ሁለት ማንኪያ ጨምሩበት፤ ሙቀት ያለው ቦታ ያድራል።

*አይብ።* አሬራው ተሞቆ ስለሚወጣ ሕያው ባክቴሪያው አብዛኛው ያልቃል። ጥሩ ምግብ ነው፤ ፕሮባዮቲክ ብለን ግን አንቁጠረው።

*ስልጆ።* ከባቄላ ዱቄትና ከሱፍ ተሠርቶ የሚቦካው የጾም ምግብ ነው። ሰናፍጭ ይገባበታል፤ ሰናፍጭ ደግሞ ካናዳ ውስጥ በፓኬት ላይ በግልጽ መጻፍ ካለባቸው ዋና ዋና የአለርጂ ምግቦች አንዱ ነው።

*ቆጮ።* እሱም ከቦካ በኋላ ይጋገራል፤ እንደ እንጀራው ነው። ግሉተን ግን የለውም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ የቦኩ ምግቦች ሂስታሚን የሚባል ነገር ሊኖራቸው ይችላል። አንዳንድ ልጅ ዳጣ ወይም የቆየ አይብ ሲበላ አፉ አካባቢ የሚቀላው በዚህ ሊሆን ይችላል። ገምቶ ከመከልከልም ሆነ ገምቶ ከመስጠት ለሐኪም መናገር ይሻላል።

ሕፃን ላላችሁ፦ መከልከል ሳይሆን በጊዜ ማስለመድ

ከሁሉም በላይ ጠንካራ ማስረጃ ያለው የአመጋገብ ለውጥ ይሄ ነው፤ ከመቦካትም ጋር አይገናኝም።

የለንደን ተመራማሪዎች፣ የእስራኤል ልጆች በሕፃንነታቸው የኦቾሎኒ ብስኩት እየበሉ አለርጂው ሲያንሳቸው፣ ለንደን ያሉት አይሁድ ልጆች ደግሞ ኦቾሎኒ ሳይቀምሱ አለርጂው አሥር እጥፍ ያህል ሲበዛባቸው አዩ። ከዚያ 640 ለአለርጂ የተጋለጡ ሕፃናትን ለሁለት ከፍለው ፈተኑ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ውጤት፣ ቀድመው የበሉት ልጆች አምስት ዓመት ሲሞላቸው የኦቾሎኒ አለርጂ በ80 በመቶ ገደማ እንዳነሰባቸው አሳየ። የካናዳ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2019፣ ለአለርጂ የተጋለጡ ሕፃናት እንቁላል፣ ኦቾሎኒና መሰል ምግቦችን ስድስት ወር አካባቢ፣ ከአራት ወር በፊት ሳይሆን፣ እንዲጀምሩ መክሯል። አንዴ ከጀመሩ ደግሞ በሳምንት ጥቂት ጊዜ መቀጠል አለበት።

ሙሉ ኦቾሎኒ ለሕፃን አይሰጥም፤ ያንቃል። የኦቾሎኒ ቅቤውን በውኃ አቅጥናችሁ ገንፎው ውስጥ አስገቡት። ሕፃኑ ከባድ ችፌ ካለበት ወይም ቀድሞ በምግብ ከተቆጣ መጀመሪያ ሐኪም ያማክሩ።

እዚህ ላይ የእኛን ቤት የሚመለከት ነገር አለ። በዐቢይ ጾም ለ55 ቀን እንቁላልና ወተት ከቤት ይጠፋል። ሕፃናት አይጾሙም፤ ግን ቤት ውስጥ ካልተገዛ እነሱም ሳይበሉ ይከርማሉ። እንቁላል የጀመረ ሕፃን ካላችሁ ለእሱ ብቻ ግዙለት፤ እንዳያቋርጥ።

ቋንቋችን ውስጥ የተደበቁ አደጋዎች

ይሄ ክፍል በእንግሊዝኛ የተጻፈ መመሪያ ላይ አታገኙትም።

«ለውዝ» የምንለው ቃል ለአንዱ ኦቾሎኒ ነው፣ ለሌላው አልሞንድ። «ለውዝ የለውም» ቢሏችሁ «ኦቾሎኒስ?» ብላችሁ ደግማችሁ ጠይቁ።

ቆሎ ውስጥ ኦቾሎኒ ይቀላቀላል። ገብሱን ብቻ ለቅሞ የበላ ልጅም ኦቾሎኒ ነክቷል።

አብሽ የኦቾሎኒ ዘመድ ነው፤ በርበሬና ንጥር ቅቤ ውስጥ አይጠፋም። ግብጦም እንዲሁ ነው። ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰው አንዳንዴ እነዚህም ሊቆጡት ይችላሉ፤ የልጃችሁን የአለርጂ ሐኪም በስማቸው ጠይቁት። ሐኪሙ ሽሮ ውስጥ ምን እንዳለ አያውቅም፤ ዝርዝሩን የምትነግሩት እናንተ ናችሁ።

«የጾም ነው» ማለት ወተትና እንቁላል ለማይበላ ልጅ ደስ የሚል ቃል ነው። ግን ያው ጭልፋ ዶሮ ወጥ ውስጥ ገብቶ ከነበረ ትርጉም የለውም። ሰሊጥ፣ ሱፍና ሰናፍጭም የጾም ናቸው። ንጥር ቅቤም ቢነጠር የወተት ፕሮቲን ሊቀርበት ይችላል።

«ምች ነው» ደግሞ ሌላው ነው። ከንፈሩ ያበጠ ልጅ ምሳ በልቶ እንደሆነ ዳማከሴ ፍለጋ አትሂዱ።

በየሱቁና በኢንተርኔት የሚሸጠውንም የአለርጂ ምርመራ ተጠንቀቁ። አይ ጂ ጂ የሚባለውን የደም ምርመራ የካናዳ የአለርጂ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 ለምግብ አለርጂ አይሠራም ብሏል። በዚህ ምርመራ ተነስቶ ጤነኛ ልጅን ጤፍ፣ እንቁላልና ወተት መከልከል ልጁን ማስራብ ነው። ከዚያ ይልቅ ደብተር ያዙ፤ ምን በላ፣ ስንት ሰዓት፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ ምን ታየ። ለቤተሰብ ሐኪማችሁ ያንን ውሰዱለት።

ሲብስ

ከበላ በኋላ ሽፍታ ከማስመለስ ጋር ከመጣ፣ ፊት ወይም ምላስ ካበጠ፣ ድምፁ ከጎረነነ፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ ከደከመውና ከፈዘዘ፣ ይሄ አናፊላክሲስ ነው። ኢፒፔን ካለ ወዲያው የጭኑ ውጪ ጎን ላይ ይወጋ፤ ልብስ ላይም ይሆናል። ከዚያ 911 ይደወል። ቤናድሪል ሰጥቶ መጠበቅ አይሆንም፤ ማሳከኩን እንጂ የትንፋሹን ነገር አያቆመውም። ቢሻለውም ሆስፒታል ይሂድ፤ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። አጣዳፊ ላልሆነ ጥያቄ 811 ደውሉ፤ ነርስ ታነጋግራላችሁ፣ አስተርጓሚም መጠየቅ ትችላላችሁ።

አልበርታ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2020 ጀምሮ ለሕይወት የሚያሰጋ አለርጂ ላለባቸው ተማሪዎች ጥበቃ የሚያደርግ ሕግ አለ፤ መደበኛ ትምህርት ቤቶች ይሄን መድኃኒት እንዲይዙ ያስገድዳል። የቅዳሜ ትምህርታችን ግን የሌላ ሰው ሕንፃ ነው። የልጃችሁን ኢፒፔን ቅዳሜም ከቦርሳው አታውጡ፤ ለአስተማሪውም የት እንዳለ አሳዩ።

የዚህ ወር የቤት ሥራ፦ ለልጅም ለወላጅም

ልጆቻችን በእንግሊዝኛ «አለርጂ አለብኝ» ማለትን ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምረው ያውቃሉ። በአማርኛ ግን ለአያታቸው ማስረዳት ያቅታቸዋል። አያቶች ደግሞ የሚያጎርሱት በፍቅር ነው፤ «ትንሽ ብትቀምስ ምን ትሆናለች?» ይላሉ። እምቢ ማለት ነውር ስለሚመስላቸው ልጆቹ ዝም ብለው ይጎርሳሉ። ስለዚህ በዚህ ወር እነዚህን አብራችሁ ተለማመዱ፦

«እማማ፣ ይሄ ሰሊጥ አለው?»
«ይቅርታ፣ ኦቾሎኒ አልበላም፤ ያመኛል።»
«ጉሮሮዬን ያሳክከኛል።»
«ትንፋሽ አጠረኝ፤ እናቴን ጥሩልኝ።»

ልጁ ይበል፣ እናንተ አያት ሁኑ፣ «ኧረ ግድ የለም፣ ጉረስ» በሉት። ሦስት ጊዜ እምቢ እስኪል አትልቀቁት።

አያቶችንም አንርሳቸው። በስልክም ቢሆን ቁጭ ብላችሁ አስረዷቸው፤ «ሲያድግ ይተወዋል» ከማለት ይልቅ «ይሄ ምግብ ለእሱ እንደ መርዝ ነው» ብትሏቸው ይገባቸዋል። ከገባቸው በኋላ ደግሞ ከእነሱ የተሻለ ጠባቂ አይገኝም፤ ጎረቤቱን ሁሉ የሚቆጡት እነሱ ናቸው።

ለሚቀጥለው በዓላችን ምግብ ስታመጡ ውስጡ ያለውን ለልጃችሁ እየነገራችሁ እሱ በትንሽ ካርድ ላይ በአማርኛ ይጻፈው፤ «ስንዴ አለው»፣ «ወተት የለውም»፣ «ቅመም፦ አብሽ፣ ሰናፍጭ» እያለ። ከስር በእንግሊዝኛ እናንተ ጨምሩበት። ፊደሉ ቢጣመም ግድ የለም፤ ሳህኑ ፊት ለፊት ይቀመጥ። የማይነበብ ከሆነ ጸሐፊው እዚያው ቆሞ ያንብብልን።